ደረጃው ያርጅ፣ ፍራሹ አያርጅ

አምስተርዳም፣ ካይዘርስግራኽት ከሚባለው ቦይ ዳር፣ ክፍሎቹ በጣት የሚቆጠሩ አንድ አሮጌ ሆቴል አለ። ቤቱ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ለነጋዴ መኖሪያ ነበር። የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ ሲያሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ ሌላዋ እዚያው ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ የእህቱ ልጅ። ቁርስ አብቅቶ የምድር ቤቱ መመገቢያ ክፍል ጭር ብሏል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሐንዲሱ፦ ልጄ፣ የዚህ ቤት ደረጃ ትናንት ማታ ጉልበቴን ብቻ ሳይሆን የሙያ ኩራቴንም ነው ያንቀጠቀጠው። እኔ እንዲህ ያለ ደረጃ ነድፌ ለማዘጋጃ ቤት ባቀርብ ኖሮ ፕላኑን ፊቴ ላይ ነበር የሚወረውሩት። የጫማዬ ግማሽ እንኳ አያርፍበትም። ገመዱን ጨብጬ፣ በጎኔ ዞሬ፣ እያረፍኩ ነው የወጣሁት።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ጋሼ፣ በስልክ ነግሬዎት ነበር እኮ። «ሊፍት የለንም፣ ክፍልዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው» አላልኩም?

መሐንዲሱ፦ ብለሻል። «ፎቅ» ስትይኝ ደረጃ ያለው መስሎኝ እንጂ መሰላል ያለው መቼ መሰለኝ!

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እንግዳ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ደረጃው እንዲህ የሆነው አናጢው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከተማው ከ1613 ጀምሮ እነዚህን ቦዮች እየቆፈረ ሲስፋፋ መሬቱን ሸንሽኖ ነው የሸጠው። ሄረንግራኽት ላይ የአንዱ ቦታ ወርድ በተለምዶ 30 የአምስተርዳም ጫማ ነበር፤ በሜትር 8 ተኩል ቢሆን ነው። ቦዩን የሚያየው ፊት ውድ ነው፤ ወደ ኋላ ግን መሬቱ ረጅም ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከፊት አንድ ቤት ሠራ፣ መሐል ላይ ብርሃን የሚያስገባ ትንሽ ግቢ ተወ፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ቤት ጨመረ። ደረጃው ዘርጋ ብሎ ቢወጣ ሳሎኑን ይበላበታል፤ ስለዚህ አቆመው።

መሐንዲሱ፦ ይሄ ይገባኛል። የመሬት ዋጋ የማይነድፈው ቤት የለም። ግን ነጋዴው ሸቀጡን በዚያ ደረጃ ነበር የሚያወጣው? ተሸካሚው አንድ ወር አይቆይም።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ በጭራሽ! ከጣሪያው ጫፍ ወደ ውጭ የወጣውን፣ መንጠቆ ያለበትን ግንድ አላዩትም? ቅመሙም ጨርቁም በመዘውርና በገመድ እየተሳበ በመስኮት ነበር የሚገባው። የላይኛው ፎቅ መጋዘን ነበር። ዛሬም ሰው ቤት ሲቀይር ሶፋና ፍሪጅ በመስኮት ሲገባ ያያሉ።

መሐንዲሱ፦ አሃ! ቤቶቹ ወደ መንገዱ ያዘነበሉትም ለዚሁ ነዋ! እኔ እኮ መሠረቱ ከድቷቸው ነው ብዬ ስፈርድ ነበር።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ወደ ጎን ያዘመሙት እውነትም መሠረት የከዳቸው ናቸው። ወደ ፊት ያዘነበሉት ግን ብዙዎቹ ታስቦባቸው ነው፤ የሚሳበው ዕቃ ግድግዳውንና መስኮቱን እንዳይመታ።

መሐንዲሱ፦ ታዲያ ሻንጣዬን በመንጠቆው ያላወጣችሁልኝ ለምንድን ነው?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ መንጠቆው እኔ ነበርኩ፤ ረሱት እንዴ?

መሐንዲሱ፦ ተባረኪ! መሠረት ካነሳን ግን አንድ ነገር ላሳይሽ። ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ የክፍሌን በር ስመለከት ነበር። የበሩ ራስ በመጋዝ ሰያፍ ተደርጎ ተቆርጧል። በሌላው ጎን የተፈጠረውን ክፍተት ለመድፈን ሦስት ማዕዘን ጣውላ ተለጥፎበታል፤ እሱ ላይ ደግሞ ሌላ ቀጭን ጣውላ አለ። መቃኑ ወደ አንድ ጎን ሲወርድ አንድ አናጢ መጣ፣ ከዚህ ቆረጠ፣ እዚያ ለጠፈ። እሱ ከሞተ በኋላ መቃኑ እንደገና ወረደ፣ ሌላ አናጢ ደግሞ ለጠፈ። የምስማራቸው ዓይነት እንኳ ይለያያል፤ የታችኛው ራሱ አራት ማዕዘን ነው፣ በእጅ የተቀጠቀጠ፤ የላይኛው የፋብሪካ ነው። የቤቱን አሰማመጥ አንድ በር ላይ አነበብኩት።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ሌላው እንግዳ «በሩ ተጣሟል» ብሎ ነው የሚያመለክተው። ምክንያቱ ግን ከታች ነው። ይህ ከተማ የቆመው ረግረግና ጭቃ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጠንካራ የአሸዋ ንጣፍ የሚገኘው 12 ሜትር ያህል ወርደው ነው። ድሮ እስከዚያ ድረስ የሚተክሉት የእንጨት ፓይል ነበር። ዳም አደባባይ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት፣ መጀመሪያ የከተማ አስተዳደር ቤት ሆኖ ሲሠራ፣ 13,659 እንጨት ገብቶለታል ይባላል። በ1889 የተከፈተው ባቡር ጣቢያም 8,687 እንጨት ላይ ነው የተቀመጠው።

መሐንዲሱ፦ እኔ የምፈራው ደግሞ ውኃውን አይደለም። እንጨት የሚበሰብሰው ውኃና አየር ሲፈራረቁበት ነው። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ከሆነ ፈንገሱ የሚተነፍሰው ስለማያገኝ እንጨቱ መቶ ዓመታት ይቆያል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ዝቅ ብሎ የፓይሉ ራስ ብቅ ያለ ቀን ነው ጉዱ።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እንዳሉት ነው! በጋው ደረቅ የሆነ ጊዜ የአሮጌ ቤት ባለቤቶች ናቸው የሚጨነቁት።

መሐንዲሱ፦ ዝናብ ቀረ ብሎ የሚጨነቅ የቤት ባለቤት ዛሬ ሰማሁ! የእኛ አገሩ ጣሪያዬ አፈሰሰ እያለ ነው የሚያለቅሰው። እሺ፣ ደረጃውንም ዘመም ያለውንም በር ተቀበልኩ። አሁን ዋናውን ቅሬታዬን ላውጣ። ከዚህ ቀደም በሌላ የአውሮፓ ከተማ፣ እንዲሁ «ታሪካዊ» የተባለ ትንሽ ሆቴል አድሬ ነበር። የፍራሹ መሐል ጎድጉዷል፣ ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፣ መጋረጃው ሲነካ ያስነጥሳል። ብናገር፣ ሰውየው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ጌታዬ፣ ይህ እኮ ታሪካዊ ሕንፃ ነው» አይለኝ መሰለሽ! እስቲ ንገሪኝ፤ ፍራሹም ቅርስ ነው?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ሥራ ስጀምር አለቃዬ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ይህንኑ ልዩነት ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ለስንፍናው ሁሉ «ታሪክ ነው» ማለት ይቀናዋል። እዚህ አገር የቅርስ ጥበቃ ሕግ በ1961 ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ መጥቷል። በቅርስነት የተመዘገበን ቤት ደረጃ ማፍረስ፣ ወራጁን መቁረጥ፣ የፊቱን መስኮት መለወጥ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። ሊፍት ለማስገባት ፎቆቹን ሁሉ መብሳት ያስፈልጋል፤ ያንን አይፈቅዱልንም። ፍራሽ አትቀይሩ የሚል ሕግ ግን የለም። ቧንቧ፣ አንሶላ፣ ሙቅ ውኃ፣ ንጽሕና፣ እነዚህ ሁሉ የዛሬ ሥራ ናቸው። ቤቱ ያስገደደን አንድ ነገር ነው፣ እኛ የሰነፍንበት ሌላ ነገር ነው።

መሐንዲሱ፦ ጥሩ ከፍለሽዋል። እኔ ግን ሦስተኛ እጨምራለሁ፤ ዕድሜም ሆነ ሕግ ይቅር የማይሉት ነገር። እሳት። ሌሊት ጭስ ቢነሳ በዚያ ደረጃ እንዴት ነው የምወርደው?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ አምስተርዳም እሳትን በደንብ ታውቀዋለች። ቤቱ ሁሉ እንጨት በነበረበት ዘመን በ1421 እና በ1452 ክፉኛ ተቃጥላለች። ከዚያ ወዲህ ነው ግድግዳ በጡብ ይሠራ የሚለው ደንብ እየጠበቀ የመጣው። አሁን በመሐል ከተማው ፊታቸው እንጨት ሆኖ የቀሩት የዚያ ዘመን ቤቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በኸይንሆፍ ግቢ ውስጥ፣ ሌላው ዜዳይክ መንገድ ላይ። የዜዳይኩ የመርከበኞች ማደሪያ ነበር። ገንዘብ ያለቀበት መርከበኛ ከሩቅ አገር ባመጣው ዝንጀሮ ሒሳቡን ይከፍል ነበር እያሉ ያወራሉ።

መሐንዲሱ፦ ዝንጀሮ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠው እንዴት ነው?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ወሬ ነው ጋሼ! የእሳቱ ነገር ግን ወሬ አይደለም። ያን ፋን ደር ሄይደን የሚባል፣ እነዚህኑ ቦዮችና ቤቶች ሲሥል የኖረ ሠዓሊ በ1672 ከወንድሙ ጋር ሆኖ የቆዳ ቱቦ ያለው የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ አወጣ። በቱቦው ውኃውን ነበልባሉ አጠገብ ድረስ ማድረስ ተቻለ። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በየክፍሉ ጭስ ጠቋሚ አለ። አረንጓዴ መብራት ያለባት የኮሪደሩ ጫፍ በር በኋላ ቤቱ በኩል ታስወጣለች፤ ትናንት ያሳየሁዎት እሷን ነው። ያ ያነበቡት በር ደግሞ ከኮሪደሩ በኩል እሳት የሚያዘገይ ሰሌዳ ተለብጦለታል፤ የአናጢዎቹ ሥራ ሳይነካ።

መሐንዲሱ፦ ሰሌዳውን አይቼዋለሁ፤ ለዚህ መሆኑን አላወቅኩም። እንዲህ ነው እንግዲህ አሮጌን ከአዲስ ማስታረቅ! ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ፒያሳ ነበርኩ። የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው እያልን የምንኮራበት፣ ወለሉ እንጨት፣ ደረጃው እንጨት። እግዜር ይመስገን ሁሉም አልጠፋም። ግን ያን ቀን የገባኝ፣ ቅርስን በፍቅር ብቻ መጠበቅ እንደማይቻል ነው። ፍቅር ውኃ አይረጭም።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እንግዳም ስለ እሳት አይጠይቅም እኮ። የሚጠይቀው «እዚህ ማን ነው ያደረው?» ብሎ ነው።

መሐንዲሱ፦ እኔም ልጠይቅሽ ነበር። ማን ነው ያደረው?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ስሙ የሚጠራ ሰው አላደረበትም። መጀመሪያ ነጋዴ ኖረበት፣ ኋላ ቢሮ ሆነ፣ ከዚያ ተከራይ በየክፍሉ ገባበት፣ በመጨረሻ ሆቴል ሆነ። ዝነኛ ሰው የሚፈልግ እንግዳ ትንሽ ሄድ ብሎ ቬስተርማርክት 6 ቁጥርን ይመልከት፤ ፈላስፋው ዴካርት በ1634 እዚያ ቤት ተከራይቶ ኖሯል። የእኛ ቤት ታሪክ የጨው፣ የጨርቅና የኪራይ ታሪክ ነው፤ እኔ እሱ ያንሳል ብዬ አላምንም። የሚከብደኝ ሌላው ጥያቄ ነው። የኋላ ቤታችንን ሲያዩ «እንደ አን ፍራንክ ነው?» ይሉኛል። እሷና ሌሎች ሰባት ሰዎች ከ1942 እስከ 1944 ከናዚዎች ተደብቀው የኖሩበት ፕሪንሰንግራኽት 263 በአሠራሩ እንዲሁ የኋላ ቤት ያለው ነው። አለቃዬ ግን በማስታወቂያችን ላይ ያንን ስም እንድናነሳ አትፈቅድም። የሰው መከራ አልጋ አይሸጥበትም ትላለች።

መሐንዲሱ፦ ጨዋ ሴት ናት።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ደግሞ ያ ቤት ራሱ በ1950ዎቹ ሊፈርስ ተቃርቦ እንደነበር ያውቃሉ? በ1957 ድርጅት ተቋቁሞ ነው የተረፈው፤ በ1960 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

መሐንዲሱ፦ ያን የመሰለ ቤት?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ቤቱ ብቻ መቼ ሆነ፤ ቦዮቹም ሊደፈኑ ነበር! በ1954 የከተማው ፖሊስ አዛዥ ሄንድሪክ ካስያኸር ለመኪና መንገድ እንዲሆን በርካታ ቦዮች ይደፈኑ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከዚያ በፊትም የተደፈነ አለ፤ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ የሚያልፈው ሰፊ መንገድ እስከ 1884 ድረስ ውኃ ነበር።

መሐንዲሱ፦ እውነቱን ልናገር? በዚያ ዘመን እዚህ ብሠራ ከአዛዡ ጋር ነበር የምቆመው። መሐንዲስ ጠባብ መንገድ ሲያይ የሚታየው የተጨናነቀ መኪና ነው። አሮጌ ቤት ሲያይ የሚታየው ፍሳሽና ስንጥቅ ነው። አዲስ ለመሥራት ከማደስ ይልቅ ሒሳቡም ይቀላል፤ ማደስ ግን ግድግዳው በተከፈተ ቁጥር አዲስ ወጪ ይወልዳል። ምን አዳናቸው ታዲያ?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በ1918 በጥንቱ የሕንፃ ባለሙያ በሄንድሪክ ደ ኬይሰር ስም የተሰየመ ማኅበር ተመሥርቶ አሮጌ ቤቶችን እየገዛ ማዳን ጀመረ። በ1956 ስታድስሄርስቴል የሚባል ኩባንያ መጣ፤ ሊወድቁ የደረሱትን ይገዛል፣ ያድሳል፣ ያከራያል፣ በኪራዩ ደግሞ ሌላውን ያድሳል። ቁጣም ነበረበት። በ1975 ኒውማርክት ሰፈር ለምድር ውስጥ ባቡር ሲባል ቤት ሲፈርስ ነዋሪው ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። ባቡሩ ተሠራ፣ ሰፈሩ ግን በድሮው የመንገድ መስመር ተመልሶ ተገነባ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው በ2010 የቦዮቹ ቀለበት በዩኔስኮ መዝገብ የገባው።

መሐንዲሱ፦ ስለዚህ ሕግ፣ ገንዘብና ቁጣ አብረው ሠሩ ማለት ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር። ከገንዘቡ ውስጥ ደግሞ የእናንተ ሆቴል ድርሻ አለበት። እኔ ለሦስተኛ ፎቁ የከፈልኩት ወደ ፓይሉ ይወርዳል።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ይወርዳል። በየዓመቱ የሆነ ነገር ይታደሳል። ግን ጋሼ፣ ሆቴል ሁሉ አዳኝ ነው ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ግድግዳው ሲድን ነዋሪው የሚወጣበት መንገድ አለ። ቤት ሁሉ ማደሪያ ከሆነ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፣ የቅርሳቅርስ መደብር ይከፈታል፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ኪራዩን አይችለውም። ለዚህ ነው ከተማው በ2024 ደንቡን ያጠበቀው። አዲስ ሆቴል የሚከፈተው ሌላ ሆቴል ሲዘጋ ብቻ ነው፤ የአልጋው ቁጥርም መጨመር የለበትም። በዚያው ዓመት ከእንግዳ የሚወሰደው የከተማ ግብር ከክፍሉ ዋጋ 12.5 በመቶ ሆነ።

መሐንዲሱ፦ ሒሳቤ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ነው የፈጠጠው! ግን ባዶ አልጋ ብቻ የሚሞላው ከተማ ከሚሆን እኔ ብከፍል ይሻላል።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ ሌላም መላ አለ። ድልድይ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሠራተኞች የሚቀመጡባቸው ትንንሽ ቤቶች ነበሩ። ድልድዮቹን ከአንድ ማዕከል መቆጣጠር ሲጀመር ቤቶቹ ሥራ ፈቱ። 28ቱን ወስደው እያንዳንዱን ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ የሆቴል ክፍል አደረጉት። ቤቱ ዳነ፣ የሚፈናቀልም ሰው አልነበረም።

መሐንዲሱ፦ ይሄን ወደድኩት! ሥራ የፈታን ቤት ማሠራት ማለት ነው። ለእኛ አገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚስማማው የትኛው ነው? ፒያሳን ታውቂያለሽ፤ ከቆዩት ቤቶች ስንቱ ወረደ።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እኔ ሐረርን ነው የማስበው። ጀጎል በ2006 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል፤ ከቆዩት የሐረሪ ቤቶች አንዳንዶቹም እንግዳ ያሳድራሉ። ባለቤቷ እዚያው ትኖራለች። እንግዳው ነደባው ላይ፣ ማለትም ከፍ ተደርጎ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትና የተደረደረው ሳሕን ለእሱ ተብሎ የተገዛ ጌጥ አይደለም፣ የቤቱ ነው። ቤቱ ከመኖሪያነት ሳይወጣ ገቢ አገኘ ማለት ነው። ትልቅ ኩባንያ አላስፈለገው፣ ሊፍትም አላስፈለገው።

መሐንዲሱ፦ ሽንት ቤቱና ሙቅ ውኃው ግን?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እሱ ላይ ነው ብድርና ባለሙያ የሚያስፈልገው። ግድግዳውን ሳይጎዳ ቧንቧ የሚያስገባ፣ ለእሳትም መውጫ የሚያበጅ እንደ እርስዎ ያለ ሰው።

መሐንዲሱ፦ ጡረታ የወጣሁትን ሰው ሥራ ልታስጀምሪኝ ነው? ይሁን። ለማንኛውም ከዚህ ስመለስ ጓደኞቼ መጠየቃቸው አይቀርም፤ እነሱም ልጆቻቸውን ለማየት ወደ አውሮፓ ይመላለሳሉ። አሮጌ ሆቴል ከመያዛቸው በፊት ደውለው ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ። አንደኛ፣ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃውስ ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ ፍራሽና ቧንቧ የተቀየረው መቼ ነው? ሦስተኛ፣ ሌሊት እሳት ቢነሳ በየት ነው የምወጣው? ሳይደብቅ የሚመልስ ሆቴል ዕድሜውን ሊያስከፍል መብት አለው። «ታሪካዊ ነን» ብቻ የሚል ከሆነ ስልኩን ይዝጉት።

እንግዳ ተቀባይዋ፦ አራተኛ ይጨምሩበት። ጎረቤታችሁ ማን ነው ብለው ይጠይቁ።

መሐንዲሱ፦ ይህንን ሪሴፕሽን ምን ብሎ ይመልሳል?

እንግዳ ተቀባይዋ፦ እኛ እንመልሳለን። በስተቀኝ የጥርስ ሐኪም ነው። በስተግራ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ነው፤ ብስክሌታቸውን በራችን ላይ እየደገፉ ያስቸግሩናል፤ በየሳምንቱ እንጨቃጨቃለን። አብሮን የሚጨቃጨቅ የጠፋ ዕለት ግን እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።